ሁለተኛው መሣሪያ
ከከሚሴ የልምምድ አዳራሽ የተገኘ ትዝብትና ሂስ

በኪነ ጥበብ መጽሔቶቻችን ላይ የሚወጡ ሂሶች ዘወትር ዐይናቸውን የሚጥሉት በመድረክ ላይ ነው። መጋረጃው ከተገለጠበት ደቂቃ አንሥቶ እስከሚዘጋበት ድረስ ያለውን ይመረምራሉ፤ ዘፋኙ እንዴት እንደ ዘፈነ፣ ተወዛዋዡ እንዴት እንደ ተወዛወዘ፣ ልብሱ ከአካባቢው ባህል ጋር ይስማማ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከመጋረጃው በስተጀርባ ስላሉት ወራት፣ ይኸውም አንድ ሰው ሃያና ሠላሳ ወጣቶችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ሙዚቃን ከፊደሉ ጀምሮ ስለሚያስተምርበት ጊዜ የሚጻፍ ሂስ ግን እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በተለያዩ ጊዜያት ከሚሴ ውስጥ ተገኝቶ የተመለከተው ልምምድን ነው፤ ሂሱም የሚሰነዘረው በልምምድ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ሃያ አራት ወጣቶችን ያስተምራል። ማሲንቆን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እጁ የበሰለ፣ ጆሮው የታመነ ነው። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዕድሜው አርባ ሦስት በሞላ ጊዜ፣ ክራር መማር ጀመረ። ምክንያቱን ሲጠየቅ በክራር ዝና የማግኘት ሐሳብ እንደሌለው ይናገራል፤ ሃያ አራቱን ወጣቶች በማሲንቆ ብቻ ማስተማር ስላልቻለ ነው። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበርን? ትክክልስ ከሆነ ምን አስገኘ፣ ምንስ አሳጣ? መመርመር የሚገባው ይህ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሥፍራው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የጨፋ ሸለቆ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊ ለጥ ያለ ምድር ነው። በበጋ ወራት ረግረጉ ሣሩን ስለማያጣ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ይሰበሰቡበታል፤ ከዳርና ዳሩ ማሽላ ይዘራል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ በዚሁ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ፣ በባቲ ደግሞ የሰኞ ገበያ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩና አርጎባው ይገናኛል። ባቲ በስሟ የተጠራ ቅኝት ያላት ከተማ ናት። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን መካከል አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዞን መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የባቲ ቅኝት በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንና በስቶክሆልም ይዘፈናል፤ በስሟ ከተጠራችው ከተማ በብዙ የማይርቁት የከሚሴ ወጣቶች ግን ቅኝቱን በጆሮ እንጂ በስም አያውቁትም ነበር። አስተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት «ባቲን የሚያውቅ?» ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም እጃቸውን አወጡ፤ የገበያውን ቀን የጠየቃቸው መስሏቸው ነበር።

ወደ ማሲንቆው እንመለስ። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ ክሩም ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው። የተጫዋቹ ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ እንደ ጊታር ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ አይዘውም፤ ድምፁ የት እንደሚገኝ የሚያመለክት ምልክትም በአንገቱ ላይ የለም። የማሲንቆ ታላቅነት ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ከዘፋኙ ጉሮሮ ጋር እኩል ይለሰልሳል፣ እኩል ይሰበራል፣ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ ሁሉ ያውቀዋል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት የቅኝትን ተፈጥሮ ለመመርመር ማሲንቆን መምረጧ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ተጫዋቹ ድምፁን ራሱ የሚያገኝበት መሣሪያ ስለሆነ የጆሮውን ሐሳብ ያለ ሽፋን ያሳያልና።

ይሁን እንጂ ለአንድ ተጫዋች በረከት የሆነው ነገር ለሃያ አራት ጀማሪ መከራ ይሆናል። አስተማሪው ጣቱን ያሳርፋል፤ ተማሪው ያያል፤ ያየው ግን ጣትን እንጂ ድምፅን አይደለም። የፀጉር ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢስት ድምፁ ሌላ ነው። ይህን ለማረም አስተማሪው ከተማሪው አጠገብ ተቀምጦ ጣቱን በጣቱ መያዝ አለበት። አንድ የልምምድ ሰዓት ስልሳ ደቂቃ ነው፤ ለሃያ አራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። የቀሩት ሃያ ሦስቱ በዚያን ጊዜ ምን ይሠራሉ? ይህ ጸሐፊ ተመልክቷል፤ ስልካቸውን ይነካካሉ።

የማሲንቆ ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ለቡድን ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። የአዝማሪ ልጅ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ለዓመታት ያያል፣ ይሰማል፣ ይከተላል፤ ግብዣና ሠርግ እየዞረ ያድራል። ጊዜ ሞልቶ ለተረፈው፣ አንድ መምህርና አንድ ደቀ መዝሙር ለሆኑበት ሥርዓት ይህ የላቀ ዘዴ ነው። ሳምንት ጠብቆ ለሁለት ሰዓት ለሚመጣ የትምህርት ቤት ልጅ ግን አይሆንም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩ፣ በየፋብሪካውና በየትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድኖች እንደ አሸን መፍላታቸው ይታወሳል። በዚያን ጊዜ የተሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። ከደሴ የተነሣው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የአካባቢውን ዜማና ውዝዋዜ ለመላው አገር አሳውቋል፤ ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፀ መረዋ ከዚያው ወሎ ወጥታለች። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» በተባለው ጉዞ ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጡ ከያንያን ባሕር ተሻግረው አሳይተዋል። ነገር ግን ያንን ዘመን በቅርብ የሚያውቁ አንባቢዎች እንደሚመሰክሩት፣ የኪነት ቡድኖች በአመዛኙ የሠሩት የተዘጋጀ ተሰጥኦን ፈልጎ የማግኘትና የመሰብሰብ ሥራ ነው። ማሲንቆ የሚችለው ማሲንቆውን፣ ዋሽንት የሚነፋው ዋሽንቱን ይዞ መጣ፤ መድረክ ላይ ወጣ፤ ቡድኑ ሲበተን ችሎታውን ይዞ ሄደ። ከእነዚያ ሁሉ ቡድኖች ስንት ተጫዋች እንደወጣ ስንቆጥር ኖረናል። ስንት አስተማሪ እንደወጣ ግን የጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄው በአገራችን ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ጨርሶ ያልተነሣ ነው ለማለት አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡትን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ያሠለጠነው ኬቮርክ ናልባንዲያን የማርሽ ባንድ መሪ ነበር፤ የማርሽ ባንድ መሪ ደግሞ በሥራው ጠባይ የጡሩምባውንም የከበሮውንም ጠባይ እንዲያውቅ ይገደዳል። በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ በልማድ በአንድነት የማይጫወቱ የየአካባቢውን መሣሪያዎች በአንድ ረድፍ አስቀመጠ፤ ቡድኑንም ከዚያ በኋላ ተስፋዬ ለማ ለዓመታት መርቶታል። በዚያ ቡድን ውስጥ መላኩ ገላው ክራሩንም ዋሽንቱንም ይጫወት ነበር። ከአሜሪካ የሰላም ጓድ ጋር የመጣው ቻርልስ ሰተን ደግሞ ከጌታመሳይ አበበ ዘንድ ማሲንቆ ተምሮ ከኢትዮጵያውያኑ ጋር ለመጫወት በቃ። ልብ እንበል፤ የአንዱን መሣሪያ ቋንቋ ለሌላው ማስረዳት በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ከአንድ መሣሪያ በላይ የሚያውቅ ሰው ተፈልጓል።

እንግዲህ ሁለተኛ መሣሪያ ያስፈልጋል ካልን፣ የትኛው?

በዓለም ላይ ያሉ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች መልስ የታወቀ ነው፤ ፒያኖ ነው። ቫዮሊን የሚማረውም፣ ድምፅ የሚማረውም፣ ቅንብር የሚማረውም ፒያኖ ይማራል፤ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም። ምክንያቱ በቂ ነው። በፒያኖ ላይ ድምፆቹ ሁሉ በዐይን ይታያሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ በተርታ ተሰልፈዋል፤ ጣት የነካው ቁልፍ አይሳሳትም። ለከሚሴው አስተማሪም በመጀመሪያ የቀረበለት ምክር ይኸው ነበር፤ ፒያኖ ባይገኝ ኪቦርድ ይማር ተባለ። አንድ ኪቦርድም በስጦታ መጥቶ ነበር።

ይህ ጸሐፊ በኪቦርድ ላይ ጥላቻ የለውም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ የዘፈን ካሴት በኪቦርድ ተሠርቷል፤ ከእነዚያም መካከል የሚወደዱ አሉ። ለቡድን ትምህርት ግን ሁለት እንከኖች አሉበት። አንደኛው፣ አንድ ስምንዮሽ በአሥራ ሁለት እኩል ግማሽ እርከኖች የተከፋፈለ በመሆኑ የአንቺሆዬን ጥብቅ እርከኖች በጥሩ ዘፋኝ ጉሮሮ ውስጥ ባሉበት ቦታ አያገኛቸውም፤ ልጆቹም በኪቦርድ ከተለማመዱ ጆሯቸው ወደ ኪቦርዱ ይሳባል። ሁለተኛው እንከን ይከፋል። ከአሥራ ሁለቱ ቁልፎች አምስቱ ብቻ ለቅኝቱ ይፈለጋሉ፤ ሰባቱ ለጀማሪ ወጥመድ ናቸው። ልጁ ሊጫወት ሲሞክር የሚሳሳትበት ዕድል ከሚያገኝበት ይበልጣል። የመብራቱን ነገር አናነሣውም፤ ከሚሴ ውስጥ ልምምድ የሚያደርግ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚህ ረገድ ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ የደረሰበት መፍትሔ ሊጠቀስ ይገባዋል። ኦርፍ በ1924 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ውስጥ ከዶሮቴ ጉንተር ጋር በተከፈተው ትምህርት ቤት ሥራውን ጀምሮ፣ በኋላ ለልጆች ትምህርት ያስፋፋው ዘዴ በመዶሻ የሚመቱ፣ ዘንጎቻቸው እየተነቀሉ የሚወጡ መሣሪያዎችን ይጠቀማል። ለጀማሪዎች «ፋ» እና «ሲ» ይነቀላሉ። የሚቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ልጁ የፈለገውን ቢመታ ከጓደኞቹ ጋር አይጋጭም። ኦርፍ ዘንግ ነቅሎ ያገኘው እነዚህ አምስት ድምፆች እኛ ትዝታ የምንለው ቅኝት ናቸው። ክራር ከተፈጥሮው ምንም የሚነቀል ነገር የለውም፤ ሲቃኝ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ይቃኛል።

የአስተማሪው ምርጫ እዚህ ላይ ትክክለኛነቱ ይታያል። ክራር በአብዛኛው ስድስት ክር አለው፤ አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ሲሆኑ ስድስተኛው የመነሻው ድምፅ ከፍ ብሎ ሲደገም ነው። በከሚሴው አዳራሽ ክሮቹ ከዝቅተኛው ድምፅ ወደ ከፍተኛው በቁጥር ይጠራሉ፤ የሚጠሩትም ልጆቹ በሚማሩበት ቋንቋ በኦሮምኛ ነው፤ ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፣ ጀሀ። ዶና ሬ የሚባሉት ስሞች የሚመጡት ከወራት በኋላ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይምሰል እንጂ ብልህነት ነው። የቅኝት ትምህርት ለብዙ ሰው የሚከብደው ከድምፁ ይልቅ በስሙ ነውና።

ትምህርቱን እንዳየሁት ልግለጸው። ክራሮቹ ሁሉ መጀመሪያ በትዝታ ሜጀር ይቃኛሉ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ከዚያም ላይኛው ዶ። ልጆቹ ቶኮን ቤታቸው አድርገው ይዘፍናሉ። ቀጥሎ አስተማሪው ምንም ክር ሳይነካ «ዛሬ ቤታችን ሸን ነው» ይላቸዋል። ያው አምስት ድምፅ ከላ ተነሥቶ ሲዘፈን ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይሆናል፤ ይህም ባቲ ማይነር ነው። ልጆቹ ዝም አሉ፤ አንዷ «ይሄ'ኮ የእኛ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት «ሰዲና ሸን ግማሽ ዝቅ» ይባላል። ሁለት ክር ብቻ ይላላል፤ ትዝታ ማይነር ይገኛል። እንደገና ክር ሳይነካ ቤቱ ወደ አፉር ይዛወራል፤ አምባሰል ይወጣል። ባቲ ሜጀር ሲፈለግ ክሮቹ መጀመሪያ ወደ ትዝታ ሜጀር ይመለሳሉ፤ ከዚያ ለመ አንድ ሙሉ እርከን፣ ሰዲ ግማሽ፣ ሸን ሙሉ ከፍ ይላሉ፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ሁሉም በዐይን ይታያል፤ እጅ መቃኛውን ሲያዞር ጆሮ ይሰማል። በማሲንቆ ይህን ለማስረዳት አንድ ዓመት ይወስዳል፤ ለዚያውም ከሃያ አራቱ ለሁለቱ ወይም ለሦስቱ።

የጊዜውም ሒሳብ ይለወጣል። አዳራሹ ስድስት ክራር አለው፤ በአንድ ክራር አራት ልጅ ይደርሳል። በአንድ ሰዓት እያንዳንዱ አሥራ አምስት ደቂቃ መሣሪያው በእጁ ይገባል፤ በቀረው ጊዜ ጓደኛው የሚመታውን ክር በድምፁ ይከተላል። ክራሮቹም ከሩቅ የመጡ አይደሉም፤ ገበቴውንና ቀምበሩን የከተማው አናጢ ሠርቷቸዋል፤ ክራቸው ናይለን ነው።

አንቺሆዬ ቀርቷል። አስተማሪው አንቺሆዬን በክራር አያስተምርም፤ እዚህ ላይ ከፍ ያለ አክብሮት ይገባዋል። ክሩ ሊቃኝ ይችላል፤ ዶ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። ነገር ግን ቅኝቱ በጀማሪ እጅ ሲቃኝ ደረቅ ይሆናል። ስለዚህ ክራሮቹን አስቀምጦ ማሲንቆውን ያነሣል፤ ልጆቹ በድምፃቸው ብቻ ይከተሉታል። የመጀመሪያው መሣሪያ ሥራው የት እንደሆነ የገባው ሰው ነው። ሁለተኛ መሣሪያ የያዙ ብዙ አስተማሪዎች የፊተኛውን ሲንቁት ወይም ሲያፍሩበት ይታያል፤ እዚህ ይህ የለም።

ስለ አስተማሪው የክራር ችሎታ እውነቱን መናገር የሂስ ግዴታ ነው። ደካማ ነው። ግርፉ ይንቀጠቀጣል፤ ድርደራው ይዘገያል፤ የካሳ ተሰማን ወይም የአስናቀች ወርቁን ክራር የሰማ ጆሮ በአምስተኛው ደቂቃ ይደክመዋል። የማሲንቆ ዘዬ አለው ብንል ያስኬዳል፤ የሌላ አገር ቋንቋ በራሱ አነጋገር እንደሚናገር ሰው። የድክመቱ መነሻ ግን የሚያስተምር ነው። በማሲንቆ ላይ ግራ እጅ ክሩን ሲነካ ድምፅ ይወለዳል። በክራር ግርፍ ላይ ነገሩ ተገልብጧል፤ የግራ እጅ ጣቶች በክሮቹ ላይ ተኝተው ያፍኗቸዋል፤ ቀኝ እጅ ሁሉንም በአንድነት ሲገርፍ ድምፅ የሚያወጣው ጣት የተነሣለት ክር ብቻ ነው። መንካት ዝምታ፣ መልቀቅ ድምፅ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመንካት ድምፅ ሲያወጣ የኖረ እጅ ይህን እንዴት ይቀበል?

እርሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ እየሄደ ክራር የሚማረው በዕድሜ ሃያ ዓመት ከምታንሰው ወጣት ነበር። እርሷም በአክብሮት ትገሥጸው ነበር፤ «ጋሼ፣ ክሩን አይጨብጡት፤ ይልቀቁት እንጂ!» እያለች። ይህን ሲያጫውተኝ ይስቃል። በልምምዱ አዳራሽ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። አንዲት ልጅ በግርፍ ላይ ክሩ ሁሉ አብሮ እየጮኸ ሲያስቸግራት አስተማሪው ወዲያው የሚላትን ያውቅ ነበር፤ ሌባ ጣቷን ሳይሆን ተረስታ ክሩን የለቀቀችውን የቀለበት ጣቷን ነካት። ከዘጠኝ ወር በፊት የእርሱም ጥፋት ያችው ጣት ነበረች። በማሲንቆ ላይ ግን ሲጀምር የት የት ይሳሳት እንደነበር አያስታውስም፤ ሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ የጀመረው ነገር ነው። ከመካከላቸው አንዱ «ጋሼ፣ እርስዎስ ይሄ ነገር ያስቸግርዎት ነበር?» ብሎ ቢጠይቀው «ትናንትና ማታም አስቸግሮኛል» ሲል መለሰለት። በጃፓን ሺኒቺ ሱዙኪ ቫዮሊን ለሕፃናት ሲያስተምር በመጀመሪያ እናትየው እንድትጀምር ያደርግ ነበር፤ ልጁ ከእናቱ ጎን የሚማረው እናቱም ስትቸገር እያየ ነው። የከሚሴው አዳራሽ የሱዙኪን ስም ሳይሰማ ወደዚያው ደርሷል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። አንዳንድ የሙያ ሰዎች «ግማሽ የተማረ ክራር ለልጆች ማስተማር ግማሽ ክራርን ማባዛት ነው» ይላሉ። ልጁ የሚሰማው የመጀመሪያ ክራር የተንቀጠቀጠ ከሆነ ለዕድሜው ልክ የተንቀጠቀጠ ክራር ይከተለዋል ነው የሚሉት። ተቃውሞው መልስ የሚያገኘው ሁለቱን ነገሮች በመለየት ይመስለኛል። ክራር ተጫዋች ለማፍራት የሚፈልግ ቡድን የክራር ሊቅ ያስፈልገዋል፤ ይህ አያከራክርም። ቅኝትን፣ መቃኘትን፣ አብሮ መጀመርንና አብሮ ማቆምን ለማስተማር ግን ክራር ለቅኝት እንደ ጥቁር ሰሌዳ ያገለግላል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ሁሉ የቁም ጸሐፊ መሆን የለበትም። አስተማሪው ይህን ልዩነት ለልጆቹ አለመንገሩ ግን ስሕተት ነው። ከመካከላቸው ሁለቱ የክራር እጅ አላቸው፤ ከእርሱ ጋር ብዙ ከቆዩ ይበላሻሉ። ወደ ኮምቦልቻዋ መምህር ሊልካቸው ይገባል፤ ነግሬዋለሁ፤ የመጓጓዣው ወጪ የሚሸፈንበትን መንገድ እየፈለገ መሆኑን ገልጾልኛል።

ከዚህ የሚበልጥ ጥፋት አይቻለሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ አስተማሪው የጨፋ ልጃገረዶች በሠርግ ላይ የሚዘፍኑትን አንድ ዜማ ለስድስቱ ክራሮች አቀናብሮ አቀረበ። ድምፆቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። ድቤ እንድትመታ የተጋበዘች አንዲት ጠና ያለች ሴት ጥቂት ከሰማች በኋላ እጇን ከድቤው ላይ አነሣች፤ በኦሮምኛም «ዘፈኑ ቆመብኝ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው የገባው ሰው አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚያ ዜማ አውጪዋ ተቀባዮቹ ሳይጨርሱ ትገባባቸዋለች፤ ተቀባዮቹም የእርሷን መጨረሻ አይጠብቁም፤ ዘፈኑ የሚሄደው በዚያ መነባበር ነው። ስድስት ክራር በአንድነት ሲገረፍ ግን ሁሉም የግርፉን ምት መጠበቅ ጀመረ። አውጪዋ ጠበቀች፣ ተቀባዮቹ ጠበቁ፣ መነባበሩ ጠፋ። ማሲንቆ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር፤ ማሲንቆ ዘፋኝን ይከተላል እንጂ አያስጠብቅም።

ቡድን ለማስተማር የተማረው መሣሪያ ቡድኑን ከራሱ ጠባይ ጋር ያስማማል፤ ይህን አደጋ በየክልሉ ያሉ አሠልጣኞች ሁሉ ልብ ሊሉት ይገባል። በኪነት ዘመን የየብሔረሰቡ ዘፈን መድረክ ላይ ሲወጣ አንድ ዓይነት እየሆነ የመጣው በቅንብር ምክንያት ነው እየተባለ ይወቀሳል። እኔ ግን ጥፋቱ ከመድረኩ በፊት፣ በልምምድ ቤት፣ አሠልጣኙ በያዘው መሣሪያ የጀመረ ይመስለኛል። አሥር ቡድን በአንድ መሣሪያ ከተማረ አሥሩም በዚያ መሣሪያ አተነፋፈስ ይተነፍሳል።

አስተማሪው በዚያ ቀን የሠራው ሥራ ከቅንብሩ የተሻለ ነበር። ክራሮቹን ግድግዳ ላይ አሰቀለ፤ ሴትዮዋን መሐል አስቀመጠ፤ እርሱም ከልጆቹ ጋር ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ድቤውን እንድታስጨብጠው ጠየቃት። ሲመታ ሳቁበት። ከዚያ ቀን ወዲህ የልምምዱ ሁለተኛ ሰዓት ያለ ክራር ይካሄዳል፤ የሚመራውም በድምፅና በድቤ ነው። አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸው የክር መሣሪያ እንዳይነኩ የሚፈልጉ ሲሆኑ በዚህኛው ሰዓት ልጆቻቸውን ይልካሉ። ይህም ሃያ አራቱን ሠላሳ አንድ አድርሷቸዋል።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ ልምምዱ ተቋርጦ ነበር። ልጆቹ ተበተኑ፤ ከክራሮቹ አራቱ ጠፉ፤ በስጦታ የመጣውም ኪቦርድ የት እንደገባ አልታወቀም። ማሲንቆው በአስተማሪው ትከሻ ላይ ስለነበር ተረፈ። ቡድኑ እንደገና ሲሰበሰብ መጀመሪያ የተመለሱት በሁለተኛው ሰዓት የሚመጡት ነበሩ፤ ለእነርሱ የጠፋባቸው መሣሪያ አልነበረም። ከዚያ አናጢው አራት አዳዲስ ገበቴዎችን ቀረጸ።

አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃ በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ በክወናና በእይታ ጥበባት ውስጥ ተካቶ ይሰጣል። የሚያስተምረው መምህር ሥዕል የተማረ፣ ወይም ቴአትር የተማረ፣ ወይም ማሲንቆ ከአጎቱ የተማረ ሊሆን ይችላል። መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆቻችን እንዲህ ላለው ሰው ሁለተኛ መሣሪያ ሲያስቡለት ኪቦርድ ከመግዛታቸው በፊት ስድስት ክር ያለውን ነገር ይመልከቱ፤ ከክራሩም ጋር ከአካባቢው ሴቶች መካከል አንዷን በሙሉ አበል መምህርት አድርገው ይጋብዙ። በአዳራሹ ውስጥ ድቤ ላስተማረችው ሴት እስከ ዛሬ የተከፈላት የትራንስፖርት ገንዘብ ብቻ ነው። ለክራሮቹ የናይለን ክር የሚገዛው ከአስተማሪው ደመወዝ ሲሆን፣ ከሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚበጠሰውም ሸን ነው፤ ባቲ ሜጀር በተፈለገ ቁጥር አንድ ሙሉ እርከን ስለሚወጠር።